ሽልማት ያገኘው ዘርአ ክህነት በ14 ዓመቱ ለምን ተዘጋ?

ጥያቄው የመጣው ከአንዲት የጅማ ተማሪ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው፦ «ጋሼ፣ አርክቴክቸር እያጠናሁ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፌ ስለተተዉ ሕንፃዎች ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ካርድሮስ የሚባል ቦታ ያለው የቅዱስ ጴጥሮስ የካቶሊክ ዘርአ ክህነት ሲሠራ ያላደነቀው የለም፤ ግን ብዙም ሳይቆይ ተዘጋ፣ አሁን ፍርስራሽ ነው። ጥፋቱ የማን ነው? የአርክቴክቶቹ፣ የቤተ ክርስቲያኗ ወይስ የዝናቡ? እኛ ጅማ ላለነውስ ምን ይጠቅመናል?»

እህቴ፣ ጥያቄሽ ጥሩ ነው፤ መልሱ ግን በአንድ ትንፋሽ አያልቅም። ቡናሽን ይዘሽ ተቀመጪ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፣ ሌላ ጋ ስታነቢ እንዳይምታታብሽ።

አጭሩን ላስቀድም። ሦስቱም እጃቸው አለበት፣ ግን እኩል አይደለም። ሕንፃው ለአንድ ዓይነት አኗኗር በልክ የተሰፋ ልብስ ነበር። ችግሩ ልብሱ ተሰፍቶ ሳያልቅ ልኩ ተቀየረ። ዝናቡ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው ብዬ እንዳልገላግልሽ ደግሞ፣ ዝናቡም ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ውስጥ ነበር።

ከስሙ ልጀምር። ሴሚናሪ የሚለው ቃል ከላቲን የመጣ ነው፤ ችግኝ ማፍያ ማለት ነው። እኛም ዘርአ ክህነት ስንል ያው ስለ ዘር ነው የምናወራው። ጅማ ላደገ ሰው ይሄ ብዙ ማብራሪያ አይፈልግም። የቡና ችግኝ እንዴት እንደሚፈላ ታውቂያለሽ። ዳስ ይሠራለታል፣ ፀሐይ እንዳያቃጥለው። መደብ ላይ በሰልፍ ይደረደራል። በሰዓቱ ውሃ ይጠጣል። ከብት እንዳይገባ ይታጠርበታል። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን በ1563፣ በትሬንት ጉባኤ፣ ካህናት የሚሠለጥኑበት ቦታ በየሀገረ ስብከቱ እንዲኖር ስትወስን ሐሳቡ ይኸው ነበር፦ ወጣቱን ከዓለም ግርግር ለየት አድርጎ ማሳደግ፣ ከዚያ ወደ መስክ መላክ። ካርድሮስ የዚህ ሐሳብ ከመጨረሻዎቹ ትላልቅ ዳሶች አንዱ ነው።

አሁን ታሪኩ። ግላስጎው ዳር ቤርስደን የሚባል ሰፈር የነበረው የድሮው የቅዱስ ጴጥሮስ ዘርአ ክህነት በ1946 ተቃጠለ። ተማሪዎቹ ካርድሮስ አካባቢ ወዳሉ የድሮ ባለርስቶች ቤቶች ተዛወሩ። አንደኛው ኪልማሂው ሃውስ ይባላል፤ በ1860ዎቹ የተሠራ፣ ማማ ያለው፣ ግንብ የመሰለ የድንጋይ ቤት። ከክላይድ ወንዝ ከፍ ብሎ፣ ዛፍ ውስጥ ነው። ቤተ ክርስቲያኗ በ1953 ጊሌስፒ፣ ኪድ ኤንድ ኮያ የሚባለውን የግላስጎው ቢሮ አዲስ ሕንፃ እንዲነድፍላት ጠየቀች። ግንባታው የተጀመረው ግን በ1961 ነው። የተከፈተው በ1966። ከመጀመሪያው ንግግር እስከ በሩ መከፈት 13 ዓመት። ይቺን ቁጥር ያዢያት።

የቢሮው አለቃ ጃክ ኮያ ወላጆቹ ጣሊያኖች ናቸው። እርሳሱን የያዙት ግን ሁለት ወጣቶች ነበሩ፣ ኢዚ ሜትስታይን እና አንዲ ማክሚላን። ሁለቱም የ1928 ልጆች። ሜትስታይን በርሊን የተወለደ አይሁዳዊ ነው፤ በ1939 ናዚዎችን ሸሽተው ወደ ብሪታንያ ከተላኩት ሕፃናት አንዱ። ያ ልጅ አድጎ የካቶሊክ ካህናት የሚያድሩበትን፣ የሚበሉበትንና የሚጸልዩበትን ቤት ነደፈ። ስለዚህ ሰው ባነበብኩ ቁጥር እዚህ ጋ ትንሽ እቆማለሁ። እሱ የማያምንበትን ሥርዓት እንዲህ ጠንቅቆ ማወቁ ይገርመኛል። እኛ መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን እንድንነድፍ ስንጠየቅ አንዳንዴ ገብተን አንድ ሰዓት እንኳ ሳንቀመጥ ነው ኮምፒውተር የምንከፍተው።

ወደ ሕንፃው። አሮጌውን ቤት አላፈረሱትም። መሀል ላይ ተዉት፣ አስተማሪዎቹ እንዲኖሩበት፤ አዲሱን አርማታ ደግሞ ዙሪያውን አሰለፉት። አንደኛው ክንፍ ዋናው ብሎክ ነው። ሌላው መማሪያ ክፍሎቹና ቤተ መጻሕፍቱ ያሉበት ነው፤ ጫፉ ያለ ምሰሶ ቁልቁለቱ ላይ ተንጠልጥሎ ወጥቷል። ካንቲሊቨር በፎቶ ማየት ደስ የሚልሽ ከሆነ እሱን ፈልጊ። ወጥ ቤቱና ወጥ ቤቱን የሚያስተዳድሩት መነኮሳይያት መኖሪያ ደግሞ ለብቻው ነው።

ዋናው ጉድ ያለው ግን ዋናው ብሎክ ውስጥ ነው። በቁሙ ቆርጠሽ፣ ማለትም ሴክሽኑን ሥለሽ ካላየሽው አይገባሽም። ታች በአንድ ረጅም መስመር ላይ የምግብ አዳራሹና ቤተ ጸሎቱ ናቸው። ከላይ በግራና በቀኝ የተማሪዎቹ ክፍሎች ፎቅ በፎቅ ይወጣሉ፤ በወጡ ቁጥር ወደ መሀል ይገባሉ፣ ልክ እንደ ተገለበጠ ደረጃ። ስለዚህ ታች ተቀምጦ የሚበላው ወይም የሚጸልየው ሰው ራሱ ላይ ያለው ሌላው ሰው የሚተኛበት ነው። መኝታ፣ ማዕድና ጸሎት በአንድ ጣሪያ። ብርሃኑ መሠዊያው ላይ የሚወርደው ከላይ፣ ጣሪያው ላይ ከተከፈተ ትልቅ መስኮት ነው። የተማሪው ቀን ከንጋት ጸሎት እስከ መብራት ማጥፊያ በዚያ ሴክሽን ላይ ተጽፏል። ሰዓቱን የሚነግርሽ ግድግዳው ነው ማለት ይቻላል።

ሰዎቹ ይሄን ከየት አመጡት? ለኮርቡዚዬ የሚባለው ታዋቂ አርክቴክት ፈረንሳይ ሊዮን አጠገብ ለዶሚኒካን መነኮሳት የሠራው ላ ቱሬት የሚባል ገዳም አለ፤ በ1960 ነው ያለቀው። ዘመዳሞች መሆናቸው ከሩቅ ይታያል። ግን ካርድሮስ ግልባጭ አይደለም። ያ የተገለበጠ ደረጃ የራሳቸው ነው።

ምስጋናው ዘነበ። ኮያ በ1969 የብሪታንያ አርክቴክቶች ማኅበር የሚያስመርጠውን የንግሥቲቱን የወርቅ ሜዳሊያ አገኘ። ብዙ ቆይቶ፣ በ2005፣ ፕሮስፔክት የሚባል የስኮትላንድ የአርክቴክቸር መጽሔት ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ የተሠራ የስኮትላንድ ምርጥ ሕንፃ ብሎ መረጠው። ያኔ ሕንፃው መስኮት እንኳ አልነበረውም።

አሁን ወደ 13 ዓመቷ እንመለስ። በ1953 ቤተ ክርስቲያኗ ያዘዘችው ቤት የ1953 ቤት ነበር። ግንባታው ገና እየተካሄደ ሳለ፣ በ1962፣ ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ ተጀመረ። በታኅሣሥ 1965 አለቀ። ሕንፃው በሚቀጥለው ዓመት ተከፈተ። ጉባኤው ካወጣቸው ሰነዶች አንዱ ስለ ካህናት አሠለጣጠን ነው። ከዚያ ወዲህ በብዙ አገር ወጣቱ ጫካ ውስጥ ተለይቶ ከሚኖር ከሚያገለግለው ሕዝብ መሀል፣ ከተማ ውስጥ፣ ቢማር ይሻላል የሚለው ሐሳብ እየበረታ መጣ። የመልኮ የቡና ተመራማሪዎች ዘንድ ብትሄጂ ይሄንኑ በሌላ ቋንቋ ይነግሩሻል። ችግኝ ወደ ማሳ ከመውጣቱ በፊት ዳሱ ቀስ በቀስ ይሳሳል፣ ፀሐዩን እንዲለምድ። ካርድሮስ ላይ ግን ዳሱ ከአርማታ ነው የተሠራው። እንዴት አድርገሽ ታሳሺዋለሽ?

አንድ ትንሽ ነገር ላሳይሽ፣ ለእኔ ከሁሉም በላይ ነገሩን የምታስረዳው እሷ ናት። በድሮው የላቲን ሥርዓት እያንዳንዱ ካህን በየቀኑ የየራሱን ቅዳሴ ይቀድስ ነበር። ለኦርቶዶክስ አንባቢ ይሄ ግር ይለዋል፣ እኛ ጋ ቅዳሴ ሲባል ቢያንስ አምስት ልዑካን ናቸው። እዚያ ግን አንድ ካህን፣ አንድ መሠዊያ። አስር ካህን ካለ ጠዋት ላይ አስር መሠዊያ ያስፈልጋል። ስለዚህ አርክቴክቶቹ ከዋናው ቤተ ጸሎት ጎን ትናንሽ ጸሎት ቤቶች ሠሩ፤ ግድግዳቸው ክብ ክብ ያለ፣ እያንዳንዱ መሠዊያ ያለው። ቆንጆ ናቸው። በ1963 ጉባኤው ብዙ ካህናት አንድ መሠዊያ ላይ አብረው እንዲቀድሱ በሰፊው ፈቀደ። በቃ። እነዚያ ሁሉ ክብ ግድግዳዎች ሲሚንቶአቸው ሳይደርቅ ሥራ ፈቱ። ማንም አላጠፋም እኮ። አርክቴክቱ የተጠየቀውን ሠራ፣ ቤተ ክርስቲያኗ ያኔ ትክክል ነው ያለችውን ጠየቀች።

ሁለተኛው ነገር ቁጥር ነው። ቤቱ የተሠራው ከ100 ለሚበልጡ ተማሪዎች ነው። አንድም ዓመት አልሞላም። ካህን ለመሆን የሚመጣው ወጣት ከዓመት ዓመት አነሰ፣ በስኮትላንድ ብቻ ሳይሆን በመላው ምዕራብ አውሮፓ። ግማሹ ባዶ የሆነ ቤት ደግሞ ግማሽ ወጪ አይጠይቅም። አንድ ክፍት አዳራሽ ዙሪያ የተደረደረ ሕንፃ ውስጥ አንዱን ፎቅ ዘግተሽ ሌላውን ብቻ ማሞቅ አትችዪም፣ ሙቀቱ ሁሉ ወደ ላይ ነው የሚሄደው። በ1980 ተዘጋ።

እሺ፣ ዝናቡስ? እዚህ ጋ አርክቴክቶቹን ነፃ አላወጣቸውም። ውሃ ያስገባ ነበር። የስኮትላንድ ምዕራብ ዳርቻ ዝናብ የማይጠገብበት አገር ነው፤ እዚያ ላይ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ብዙ የጣሪያ መስኮት፣ አርማታ ከመስታወትና ከእንጨት ጋር የሚገናኝበት መቶ ቦታ። ውሃ የሚገባው ከመገናኛው ነው፣ መገናኛ በበዛ ቁጥር የሚጠበቅ በር ይበዛል። ይሄው ቢሮ ኢስት ኪልብራይድ ላይ የሠራው የቅድስት ብራይድ ቤተ ክርስቲያን ረጅም የደወል ማማ ነበረው፤ በ1983 ፈርሷል። ድራምቻፕል ላይ የሠሩት የቅዱስ ቤኔዲክት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ1991 ሙሉ በሙሉ ፈረሰ። ጎበዞች ነበሩ፣ ግን ውሃን የንድፉ የመጨረሻ ጉዳይ ነው ያደረጉት ብዬ አምናለሁ።

እኔም ብሆን ከእነሱ አልሻልም። ልጅነቴ ነው፣ ሥራ በጀመርኩ በሦስተኛው ዓመት፣ እዚሁ ጅማ አንድ አዳራሽ ነደፍኩ። ሶሌታ ጣሪያ፣ ማለትም ጠፍጣፋ የአርማታ ጣሪያ። ስሎፑን፣ ውሃው የሚወርድበትን ተዳፋት፣ ወረቀት ላይ ጽፌያለሁ፣ በአንድ ሜትር 2 ሳንቲም። ሳይት ላይ ስክሪዱ፣ ማለትም ተዳፋቱን የሚሠራው የላይኛው ሲሚንቶ፣ ሲሞላ ማንም አልለካውም፣ እኔም አልሄድኩም። በሁለተኛው ክረምት ደወሉልኝ። መሰላል ይዤ ወጣሁ። ውሃው ቁርጭምጭሚቴ ድረስ ነው፣ ውስጡ የእንቁራሪት ጫጩት ይዋኛል። እውነቴን ነው። አብሮኝ የወጣው የዘበኛው ልጅ እጁን እስከ ክርኑ ዳውን ፓይፑ አፍ ውስጥ ከትቶ አንድ እፍኝ የአቦካዶ ቅጠል፣ ሦስት ፌስታልና የአንድ እግር ነጠላ ጫማ አወጣ። ከዚያ ቧንቧው ጮኸ፣ ውሃው ዞረና ወረደ። ታች ግን ሬንጁ ተልጦ፣ ፌሮው ዝጎ፣ ኮርኒሱ ላይ የቡና ስኒ የተደፋ የሚመስል ቡኒ ክብ ወጥቶ ነበር። ፌሮ ሲዝግ ዝገቱ ከብረቱ ከእጥፍ በላይ ቦታ ይፈልጋል፤ ቦታውን የሚያገኘው አርማታውን ፈንቅሎ ነው። አንድ ጊዜ ከጀመረ በልስን አትሸፍኚውም።

ቁጥር ከወደድሽ ይቺን ውሰጂ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጅማ በዓመት 1,500 ሚሊ ሜትር አካባቢ ይዘንባል። ስለዚህ 100 ካሬ ሜትር ጣሪያ በዓመት ወደ 150,000 ሊትር ውሃ ይቀበላል። ያ ሁሉ መውጫ ይፈልጋል። መውጫው ደግሞ የሚጠርገው ሰው።

ካርድሮስ ከ1980 በኋላ የጠፋው ይሄ ሰው ነው። በ1980ዎቹ ለተወሰኑ ዓመታት ከአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ለሚያገግሙ ሰዎች ማዕከል ሆኖ ነበር። እሱም ወጣ። ከዚያ ማንም የለም። መስታወቱ ተሰበረ፣ እንጨቱ ተነቀለ፣ ተቃጠለ፣ ግድግዳው በቀለም ተጻፈበት። በ1992 መንግሥት ከፍተኛውን የቅርስ ደረጃ ሰጠው፣ ኤ ምድብ። ደረጃው እንዳይፈርስ ከለከለ፣ ግን ቅጠል አልጠረገም። በ1995 ኪልማሂው ሃውስ ተቃጠለና ፈረሰ፤ መሀል ላይ የነበረው ያ የድንጋይ ቤት ጠፍቶ በዙሪያው የነበረው አርማታ ብቻውን ቀረ። ማቀፊያው ቀርቶ የታቀፈው ጠፋ። በ2007 ወርልድ ሞኑመንትስ ፈንድ በዓለም ላይ አደጋ ውስጥ ካሉ 100 ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ኤንቪኤ የሚባል የኪነ ጥበብ ድርጅት በ2016 ፍርስራሹን በብርሃንና በድምፅ አሳይቶ ሕዝብ አስገባ። በከፊል አድሶ የባህል ቦታ ሊያደርገው ነበር። ድርጅቱ ራሱ በ2018 ተዘጋ። በ2020 ቤተ ክርስቲያኗ ኪልማሂው ኤዱኬሽን ትረስት ለሚባል በጎ አድራጎት ያለ ክፍያ አስረከበችው። አስቢው፣ ምርጥ የተባለውን ሕንፃ በነፃ ነው የሚሰጡት፣ ያውም ተቀባይ እስኪገኝ ስንት ዓመት ፈጀ።

«ታዲያ ላ ቱሬትስ ለምን አልፈረሰም?» ትዪኝ ይሆናል። ጥሩ። እዚያም ተማሪ ቀንሷል፣ ዘመኑ ያው ነው። ግን መነኮሳቱ አልወጡም። ጥቂት ሆነው ቀሩ፣ የተረፉትን ክፍሎች ለእንግዳና ለስብሰባ አደረጓቸው፣ ሕንፃው በኋላ በሰፊው ታደሰ። ለእኔ ልዩነቱ አርክቴክቸሩ አይደለም። እዚያ ጠዋት የሚነቃ ሰው አለ፣ ሲፈስ የሚያይ፣ ባልዲ የሚያስቀምጥ፣ የሚደውል።

ለጅማ ወዳልሽው ልምጣ። መጀመሪያ ጅሬን ውጪ። የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የእንጨትና የጭቃ ሥራ ነው። ዳግማዊ አባ ጅፋር ከ1878 እስከ 1932 ነው የገዙት፤ ቤቱ ከካርድሮስ ብዙ አስርት ዓመታት ይበልጣል። በመንገዴ ላይ ሳለሁ፣ እዚህ አባ ስንል ሰው ይምታታበታል። ካቶሊኮቹ ቄሳቸውን አባ ይላሉ፣ የአባ ጅፋር አባ ግን የፈረስ ስም ነው፣ የጅፋር ጌታ እንደማለት። ይሄን ያልኩት ባለፈው አንድ እንግዳ አባ ጅፋር ጳጳስ ነበሩ ወይ ብሎ ስለጠየቀኝ ነው።

ቤተ መንግሥቱን ስታዪ ጌጡን ትተሽ ጣሪያውን እዪ። ቁልቁል ነው፣ ጠፈጠፉ ከግድግዳው ርቆ ወጥቷል፣ ሥሩ በረንዳ አለ። ዝናቡ ግድግዳውን ሳይነካ መሬት ይደርሳል። ጭቃው ሲሰነጠቅ የሚያውቅ ሽማግሌ ጭድ አቡክቶ ይለጥፈዋል። ተበላሽቶ አያውቅም እያልኩሽ አይደለም፣ እንጨት ይበሰብሳል፣ ምስጥ አለ፣ ጥገናም ገንዘብ ይበላል። ግን የሚጠግነው እጅ እዚሁ አገር ውስጥ ነው ያለው። የካርድሮስን የጣሪያ መስኮት ለመጠገን የሚያስፈልገው ባለሙያ፣ ሰነድና ገንዘብ ሌላ ነው።

ከዚያ ወደ ከተማ ውረጂ። ጣሊያን ከ1936 እስከ 1941 ጅማን የአስተዳደር መቀመጫ አድርጎ ብዙ ሠርቷል። ከእነዚያ ቤቶች ብዙዎቹ ዛሬም ቢሮ፣ ሱቅና መኖሪያ ሆነው ይሠራሉ። አብዛኞቹ አራት ማዕዘን ክፍል፣ አንድ ኮሪደር፣ አንድ በረንዳ ናቸው። አሰልቺ ናቸው ትያለሽ። አዎ፣ ግን አሰልቺ ክፍል ማንንም አያስወጣም። ክብ ጸሎት ቤት ውስጥ ጠረጴዛ አስቀምጪ እስቲ።

ጥፋቱን አከፋፍለው ካልሽኝ፣ ከአስር አምስቱን ለጊዜ እሰጣለሁ፣ ለዚያ 13 ዓመት። ሦስቱን ከተዘጋ በኋላ ለተወው ሁሉ። ሁለቱን ለአርክቴክቶቹ፣ ለውሃው። አስተማሪሽ ሌላ ነጥብ ቢሰጥ አልጣላም፣ ግን ሴክሽኑን ሳይሥል ከሰጠ እጣላለሁ።

ለጽሑፍሽ አንድ የጅማ ሕንፃ ምረጪና ከካርድሮስ ጎን አስቀምጪው። ፎቶ አይበቃም። ቁረጪው፣ ሴክሽን ሥዪ፣ እያንዳንዱ ክፍል መጀመሪያ ለማን እንደተሠራና አሁን ማን እንዳለበት ጻፊበት። ከዚያ ዘበኛውን ጠይቂ። አሸንዳውን ማን ይጠርጋል? በየስንት ጊዜ? ዘበኛው «እኔ ነኝ» ካለ ሕንፃው ይኖራል፣ «ማ? እኔ እንጃ» ካለ ርዕስሽን አግኝተሻል። ዝናብ ሲጥል ሂጂ፣ ሲያቆም ሳይሆን ሲጥል። ጃንጥላና ፌስታል ለስልክሽ።

መሰላል ካጣሽ እኔ ጋ አለ፣ አምስት ሜትር ይዘረጋል። ቅዳሜ ከሰዓት መጥተሽ ውሰጂው። ግን ማታውኑ መልሺልኝ፤ ከአንቺ በፊት የወሰደው ተማሪ ተመርቆ ሥራ ይዟል፣ ሁለተኛው መሰላሌ እስካሁን እሱ ጋ ነው።